ያልተሳለው ወንዝ፦ የአርብቶ አደሩ ድህነትና የኪነ ጥበብ ዓይን

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ መስታወት ነው የሚለው አነጋገር እጅግ ተደጋግሞ የተነገረ ከመሆኑ የተነሣ፣ መስታወቱ ወዴት እንደ ዞረ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። መስታወት የፊት ለፊቱን ያሳያል እንጂ የጎኑንና የኋላውን አያሳይም። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መስታወት ለረጅም ዘመን ወደ ደጋውና ወደ ወይና ደጋው የዞረ ነበር። ሞፈርና ቀንበር፣ አውድማና ጎተራ፣ ርስትና ጉልት የትረካው ምሰሶዎች ሆነው ኖረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዓለሙን በአመዛኙ የሠራው በጎጃም የእርሻ አገር ላይ ነው። ይህ ለድርሰቱ ነውር አይደለም፤ ደራሲ የሚያውቀውን አገር መጻፉ የብርታቱ ምንጭ ነው። ነገር ግን ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ከግማሽ የሚበልጠው ቆላ፣ የአፋር፣ የሶማሌ፣ የቦረና፣ የከረዩ፣ የሐመርና የዳሰነች ምድር፣ በዚያው መስታወት ውስጥ የሚታየው በጠርዙ ላይ ብቻ ነው።

ይህ የጠርዝ ምስል በየጊዜው በሁለት መልክ ይቀርባል። አንደኛው የዕጣ ፈንታ ሥዕል ነው። የተሰነጠቀ መሬት፣ የከብት አጽም፣ ጥላ የሌለው ግራር፣ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች እናት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ርኅራኄ የሌላት ፀሐይ። ሁለተኛው የነፃነት ሥዕል ነው። ጎፈሬው ያማረ ጎበዝ፣ ከወገቡ ጊሌ፣ ከፊቱ ግመል፣ ከኋላው አድማስ፤ በመድረክ ሲወጣ ከበሮ ተመትቶለት ዘሎና ጨፍሮ የሚገባ። ሁለቱ ሥዕሎች የሚጻረሩ ይመስላሉ፤ አንዱ ያስለቅሳል፣ ሌላው ያስጨበጭባል። በመሠረቱ ግን አንድ ናቸው። በመጀመሪያው ተፈጥሮ ትገድለዋለች፤ በሁለተኛው ተፈጥሮ ታቅፈዋለች፤ በሁለቱም ውስጥ ሰውዬው አያቅድም፣ አያሰላም፣ አይከራከርም፣ ባለጋራም የለውም። ድህነቱ እንደ ቆላ ወበቅ ከመሬቱ የሚተንን ነገር ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄው የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ይህን ሥዕል በመማሪያ መጽሐፉና በመድረኩ እያየ ያደገ ተማሪ ነገ መምህር፣ የልማት ሠራተኛ፣ የወረዳ ኃላፊ ይሆናል። ድህነት ከፀሐይ የመጣ ነው ብሎ ያመነ ሰው ሕዝቡን ከፀሐይዋ ለማሸሽ ያቅዳል፤ ሕዝቡ ምን እንደ ነበረውና ምን እንደ ጎደለበት ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ሥዕሉን ከምድሩ ጋር አስተያይቶ መመርመር የሂስ ተግባር ነው።

ምድሩ የሚለው

መልክዐ ምድርና የአየር ጠባይ በሰው ኑሮ ላይ ያላቸው ኃይል የሚካድ አይደለም። በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች በብዙ ስፍራ ዓመታዊው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በዳናክል ረባዳ መሬቱ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቦረና ከዚህ የተሻለ ዝናብ ያገኛል፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ታናሹ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ይዘንባል። ይሁን እንጂ ከዝናቡ ማነስ ይልቅ የሚከብደው አለመታመኑ ነው። በአንድ ሸለቆ ዘንቦ በቀጣዩ ይቀራል፤ ዘንድሮ መጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ይጠፋል። ለአራሹ ይህ ጥፋት ነው፤ እህል ከተዘራበት ተነሥቶ ዝናቡን ተከትሎ ሊሄድ አይችልምና። ከብት ግን ይሄዳል። አርብቶ አደርነት ማለት እንግዲህ በአንድ ቦታ የማይጸናን ዝናብ፣ በእግሩ በሚንቀሳቀስ ሀብት የመከተል ሥራ ነው።

ይህም ሥራ የራሱ ስሌት አለው። በቦረና በበጋ ከብት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ውኃ ይጠጣል። በሦስት ቀን አንዴ የምትጠጣ ላም ከጉድጓዱ ርቃ ልትግጥ የምትችለው፣ ከውኃው ወጥታ እስክትመለስ ድረስ እግሯ የሚያደርሳትን ያህል ብቻ ነው። ግመል ከዚያ እጅግ ይርቃል፤ ፍየል ከቁጥቋጦ ቅጠል ትቀነጥባለች፤ በግና ከብት ሣር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ መንጋውን ይከፍላል። የሚታለቡት ላሞች «ወራ» ተብለው በመንደር አቅራቢያ ይቆያሉ፤ የማይታለበው መንጋ «ፎራ» ተብሎ ከጎረምሶች ጋር ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይሰማራል። ዝናብ ሲዘንብ ኩሬ በሞላበት ሜዳ ሁሉ ይበተናሉ፤ በጋው ሲበረታ ወደማይነጥፈው ውኃ፣ ወደ ጥልቁ ጉድጓድ ወይም ወደ ወንዙ ዳር ይሰበሰባሉ።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቆላው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን መሬቱ ሁሉ እኩል አይደለም። ሰፊው ደረቅ ሜዳ ለሰው የሚጠቅመው ጠባቡ እርጥብ መሬት እስካለለት ድረስ ነው። የበጋው መጠጊያ ከሌለ የክረምቱ ሜዳ ምንም ቢሰፋ ዓመቱን አያሻግርም። ስለዚህ የአርብቶ አደር ድህነት በአብዛኛው የሚጀምረው ዝናብ በቀረ ዕለት ሳይሆን፣ ሰፊውና ጠባቡ መሬት በተለያዩ ዕለት ነው።

የተቆረጠው ዙር

ለዚህ ከአዋሽ ወንዝ የበለጠ ምስክር የለም። አዋሽ ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ፣ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው። የደጋው ክረምት ሲበረታ ወንዙ ይሞላና በዳርቻው ያሉትን ሜዳዎች ያለብሳል፤ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ ይወጣል። በሌላው ቆላ ሁሉ ሣር በሚጠፋበት ወቅት የአፋር ከብት ነፍስ የሚዘራው በዚህ የጎርፍ ሣር ነበር። ወደ ላይኛው ሸለቆ የሚኖሩት ከረዩዎችም የበጋ መጠጊያቸው ይኸው ወንዝ ነበር። በደጋ የዘነበ ዝናብ በቆላ ሣር ይሆናል፤ ደመና ላልዞረበት ሕዝብ ወንዙ ደመናውን ያመጣለታል።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው በ1950ዎቹ ዓመታት በተንዳሆ ከእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ጋር የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ በመካከለኛው አዋሽም በአሚባራ ዙሪያ ሌሎች የጥጥ እርሻዎች ተከተሉ። በመተሐራ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ሸንኮራ አገዳ ተከለ። በ1961 ዓ.ም. የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ታወጀ፤ የከረዩም ግጦሽ በአንድ ወገን በአገዳው፣ በሌላ ወገን በፓርኩ ተያዘ።

እነዚህ ሥራዎች ለአገሪቱ ጥቅም አላስገኙም ማለት ሐሰት ነው። የክርና የጨርቅ ፋብሪካዎች ጥጥ አገኙ፤ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ደመወዝ በላ፤ ስኳሩ በየቤቱ ገባ። በካርታ ላይ ለክቶ የሚናገር ሰውም የተወሰደው መሬት ከቆላው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው ሊል ይችላል። በሄክታር ሲቆጠር እውነት ነው። ግን የቤት ቁልፍም ከቤቱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ቁልፉ የተወሰደበት ሰው ደጅ ያድራል። የተወሰደው የበጋው መሬት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው በታሪክ የታወቀ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በወሎ ድርቅ በገባ ጊዜ የአውሳ አውራጃ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር፤ አፋርም ከረሃቡ ክፉኛ ከተጎዱት ሕዝቦች አንዱ ሆነ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ረሃብ መርምረዋል። እርሳቸው እንዳስረዱት አርብቶ አደሩን የጎዳው የከብቱ ማለቅ ብቻ አልነበረም። የበጋው ግጦሽ ለንግድ እርሻ መዋሉ አንድ ምክንያት ነበር፤ የገበያው መገለባበጥ ሌላው ነበር። አርብቶ አደር ወተት ብቻ ጠጥቶ አያድርም፤ ከብት ሸጦ እህል ይገዛል። በድርቅ ጊዜ የከሳው ከብት ዋጋ ይወድቃል፤ እህሉ ይወደዳል። ባለ ብዙ ከብት የነበረ ሰው ከብቱ ገና ሳያልቅ ይራባል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከብት አርቢዎች በልማድ በሚያሰማሩበት መሬት ላይ የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደነገገ። ነገር ግን የወንዙ ዳር የጥጥ እርሻዎች ከኩባንያዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተዛወሩ እንጂ ወደ ግጦሽ አልተመለሱም። ቆየት ብሎ በመካከለኛው አዋሽ ንፋስና በረሃማነትን እንዲከላከል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ከተተከለበት አምልጦ የግጦሹን መሬት ወረረ። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ብለው ሰየሙት፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ሂስ ነው፤ በሁለት ቃል ተክሉ ከየት እንደ መጣ መዝግቦ ይዟል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘት፣ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው አስፍሯል። ይህ በጽሑፍ ከሰፈረ በኋላም በታችኛው አዋሽ የተንዳሆ ግድብና ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተከትለዋል። ሦስት የተለያዩ ሥርዓቶች ስለ ወንዙ ዳር መሬት የነበራቸው ሐሳብ ግን ብዙም አልተለያየም፤ ማንም ያላረሰው መሬት ሁሉ ባዶ ነው የሚል ነበር።

ካሜራው የደረሰበት

ይህ ሐሳብ የኪነ ጥበብም ሐሳብ መሆኑን ለመረዳት አንድ ታዋቂ ፊልም ማስታወስ ይበቃል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ አገር ታየ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀነባብሮ ነበር። አንድ ፊልም በአንድ አገር ታሪክ ላይ ይህን ያህል ኃይል ያገኘበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የተደበቀውን ረሃብ ማጋለጡም ለዘለዓለም ይመሰገናል።

ሆኖም ካሜራ መንገድ በደረሰበት ይደርሳል። የፊልሙ ዓይን ያረፈው ከመኪና መንገድ አጠገብ በተሠሩት መጠለያዎች፣ በተኮራመቱት የደጋ ገበሬዎች ላይ ነበር። ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ በረባዳው ውስጥ የሞተው አፋር በብዙው ከምስሉ ውጭ ቀረ፤ የጥጡ እርሻም ከምስሉ ውጭ ቀረ። ተመልካቹ የረሃቡን ፊት አየ፤ የወንዙን ዳር አላየም። ከዚያ ወዲህ በ1977 ዓ.ም. ረሃብም ሆነ ከዚያ በኋላ በተከሠቱት ድርቆች የተነሡት ፎቶግራፎች፣ የተሣሉት ሥዕሎችና የተገጠሙት ግጥሞች ያንኑ ፊት ደጋግመውታል።

በዚህ ረገድ የተሰነጠቀው መሬት ሥዕል ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ስለ ድርቅ በተዘጋጀ ፖስተር፣ በመጽሐፍ ሽፋንና በመድረክ መጋረጃ ላይ እንደ ማዕዘን ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ጭቃ የማያሳይ ጥቂት ነው። ሠዓሊው ይህን ሲስል ውኃ የሌለበትን መሬት የሣለ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አሸዋና ጠጠር እንዲህ አይሰነጠቅም፤ እንዲህ የሚሰነጠቀው ውኃ ተኝቶበት የነበረ ደለል ነው። የተሰነጠቀ ጭቃ የኩሬ ወለል፣ የጎርፍ ሜዳ፣ የወንዝ ዳር ነው። ሠዓሊው ሳያውቀው የሣለው ድሮም ውኃ ያልነበረውን ምድር ሳይሆን ውኃው የተለየውን ምድር ነው። ሥዕሉ ሊጠይቅ የሚገባው «ፀሐይዋ ለምን ጨከነች?» ብሎ ሳይሆን «እዚህ የነበረው ውኃ ወዴት ሄደ?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ እንጉርጉሮ ይወልዳል፤ ሁለተኛው ድርሰት ይወልዳል።

ሰማይም አለበት

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር በመሬት መወሰድ ብቻ ማስረዳት ሌላ ዓይነት የጠርዝ ሥዕል መሣል ይሆናል። ቦረና የአዋሽን ዓይነት እርሻ አላየም፤ ይሁን እንጂ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈውበት ከብቱ በገፍ አለቀ፤ በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች የከብት ባለቤት የነበሩ ሰዎች በመጠለያ ተሰብስበው የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆኑ። አምስት ወቅት ሙሉ ዝናብ ሲቀር ማንኛውም ሥርዓት ይናወጣል። የአየር ጠባዩ መለወጥ የአባቶችን ስሌት እያፋለሰ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ነገር ግን እዚያም ቢሆን ሰማዩ ብቻውን አልሠራም። ቦረናዎች አሮጌውን ሣር በእሳት እያቃጠሉ ቁጥቋጦውን ይገቱ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት የሣር ማቃጠል በመንግሥት ተከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥቋጦው በሣሩ ላይ እየገፋ መጣ። ዕውቀት ተብሎ ከሩቅ የመጣው ትእዛዝ የአካባቢውን ዕውቀት አጠፋ። ለከብት ላሚቱ፣ ለፍየል ቅጠሉ እንደሚለያይ የማያውቅ ሰው ግን ምድሩን ከሩቅ አይቶ ለምለም ነው ሊል ይችላል።

መልክዐ ምድር ማለትም ዝናብና ሣር ብቻ አይደለም፤ መንገድና ወደብም ነው። የምሥራቁ ሶማሌ አርብቶ አደር ከብቱንና በጉን በበርበራ ወደብ አሻግሮ ለዓረብ ገበያ ሲሸጥ ኖሯል። ሳውዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓመተ ምሕረት፣ እንደገናም በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በተባለው የከብት በሽታ ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን እንስሳ ስትከለክል፣ ዝናብ ያልጎደለበት ሰው ጭምር ደኸየ። መንጋው በበረት ቆሞ ባለቤቱ ግን ስኳርና ሩዝ መግዣ አጣ። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት እንደዚያ ጊዜ የደረሰ አይመስልም።

ድርቅና ድህነትም አንድ አይደሉም። ድርቅ መንጋውን ይቀንሳል፤ ድህነት ግን መንጋውን መልሶ ማቆም አለመቻል ነው። ላም በዓመት ከአንድ ጥጃ በላይ አትወልድም፤ ከሚወለዱትም ግማሾቹ ወይፈኖች ናቸው። ሠላሳ ላም የተረፉለት ቤተሰብ ጥቂቱን ሸጦ፣ ወተቱን ጠጥቶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያገግማል። ሦስት የተረፉለት ቤተሰብ ግን አንዷን ለእህል ሲሸጥ፣ የሁለቱን ወተት ልጆችና ጥጆች ሲሻሙ፣ የሚቀጥለው ድርቅ ይደርስበታል። አርብቶ አደር ብዙ ከብት የሚሰበስበው ለትዕቢት ነው የሚለው የከተማ ወሬ ይህን ስሌት ያልተረዳ ነው። ቦረናዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ከብት ላለቀበት ጎሳው የሚያዋጣበት «ቡሳ ጎኖፋ» የተባለ ሥርዓት ያቆሙት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደኸይ ግን ማን ለማን ያዋጣል?

ባለጋራ የሌለው ተውኔት

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለኪነ ጥበብ ባለሙያው ምን ይፈይዳል? የመጀመሪያው ጉዳይ የቋንቋ ነው። «ዘላን» የሚለው ቃል በአማርኛ ከብት ለሚያረባው ሕዝብ መጠሪያ ሆኖ ሲቆይ፣ አገር የለሽ፣ ሥርዓት የለሽ የሚል ትርጉም አብሮት ተለጥፏል። እልባት ያጣ ሰው ሲሰደብ «ዘላን» ይባላል። «አርብቶ አደር» የሚለው ስም በአንጻሩ ከ«አርሶ አደር» እና ከ«ወዝ አደር» ጋር አንድ አጥር ውስጥ የቆመ ነው፤ ሰውየውን በሥራው ይጠራዋል፤ አርብቶ ያደረ። ስም መለወጡ ብቻ ግን አይበቃም። በመድረክ ላይ «አርብቶ አደር» ተብሎ አስተዋውቆ፣ ወዲያው «ዘላን» አድርጎ ማስጨፈር ስሙን ለብሶ ስድቡን መድገም ነው።

ሁለተኛው የተውኔት አሠራር ጉዳይ ነው። ፀሐይ የተውኔት ባለጋራ ልትሆን አትችልም። ባለጋራ ማለት የራሱ ፍላጎት ያለው፣ የሚመልስ፣ የሚመርጥ፣ ሊሳሳትም ሊጸጸትም የሚችል ነው። ፀሐይ አትመልስም። ስለዚህ ድርቅን ባለጋራ ያደረገ ተውኔት ግጭት አይኖረውም፤ ልቅሶ ብቻ ይኖረዋል። ተዋናዩ ሰማይ እያየ ይጮኻል፤ ተመልካቹ ያዝናል፤ መጋረጃው ይዘጋል፤ ማንም ምንም አልተጠየቀም። በእውነተኛው ሕይወት ግን ግጭቱ ሞልቷል። ለፋብሪካ ጥጥ ማድረስ ያለበት የእርሻ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ከብቱን ወደ ወንዙ ማድረስ ያለበት ሽማግሌም ትክክለኛ ነው። የቀን ሠራተኛ ሆኖ ጥጥ የሚለቅመው የሽማግሌው ልጅ በሁለቱ መካከል ቆሟል። ከብት ቦዩን ተሻግሮ ማሳ የገባበት አንዲት ሌሊት ለአንድ ሙሉ ተውኔት ትበቃለች። ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው መድረክ የሚሞቀው።

ሦስተኛው ሥራን የማየት ጉዳይ ነው። በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ፣ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር በሚወርዱት፣ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተራ በተራ ቆመው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጣሉ። ባልዲው ዛሬ ከቆዳ ወደ ፕላስቲክ ተለውጧል፤ ዜማው ግን አለ። ያ ዜማ ለጌጥ የሚዘፈን አይደለም፤ የእጆቹን ምት የሚያስማማ፣ ከብቱን የሚያወድስና የሚጠራ፣ ሥራውን የሚሸከም ነው። ከላይ «አባ ሄሬጋ» የተባለው ሰው የማን መንጋ በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ ተራውን ይመራል። በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ሕግ፣ ጉልበት፣ ዜማና ፍትሕ ተሰብስበዋል። ይህን ትዕይንት ወደ ከተማ መድረክ ያመጣ የውዝዋዜ አዘጋጅ ግን ብዙ ጊዜ ዜማውን ያመጣና ጉድጓዱን ይተወዋል፤ ትከሻውን ያመጣና ባልዲውን ይተወዋል። ከሥራ የተለየ የሥራ ዜማ ከወንዝ እንደ ተለየ ሜዳ ነው።

ከዳጉ የሚገኝ ትምህርት

እነዚህ ሕዝቦች ደግሞ ሌላው እስኪስላቸው የሚጠብቁ ብቻ አይደሉም። ሶማሌዎች ድምፅን በድምፅ የሚያጠምድ ጥብቅ የግጥም ሕግ አላቸው፤ በእርሱም ፖለቲካቸውን፣ ንግዳቸውንና ዝናባቸውን ይከራከራሉ። አፋሮች ደግሞ ዳጉ አላቸው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው የሚያልፉ አይደሉም፤ ቆም ብለው፣ ወይም ከጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ሰላም ነው? ማን ታመመ? የጠፋ ከብት ታየ? የዳጉ ዋና ሕጉ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው መለየቱ፣ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ መግለጹ ነው። ሐሰተኛ ወሬ የሚያሰራጭ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይነቀፋል፤ ተዓማኒነቱን ያጣል። ሕጉ የመጣው ከጨዋነት ብቻ አይደለም። «እዚያ ዘንቧል» የሚለውን ሐሰት አምኖ መንጋውን የነዳ ሰው መንጋውን ያጣል።

ኪነ ጥበብ ስለ አርብቶ አደሩ በሚናገረው ሁሉ ይህን መለኪያ ቢቀበል ክብር እንጂ ውርደት አይሆንበትም። ገጣሚው የዘመረለትን ሜዳ በዓይኑ አይቶታል ወይስ ከፖስተር ሰምቶታል? ሠዓሊው የተሰነጠቀውን ጭቃ ሲስል ውኃው ወዴት እንደ ተመለሰ ጠይቋል? የተውኔት ደራሲው የበጋውንና የክረምቱን መሬት ለይቶ ያውቃል? መምህሩ በክፍል ውስጥ «የቆላ ሕዝብ በአየር ጠባዩ ምክንያት ድሃ ነው» ብሎ ሲጽፍ ከሰሌዳው ጎን ወንዙን ይሥላል? ካድሬውስ ስለ ማስፈር ዕቅድ ሲናገር፣ የሚሰፍረው ሕዝብ ከየትኛው ውኃ አጠገብ፣ ከየትኛው ግጦሽ ተለይቶ እንደሚሰፍር ሊናገር ይችላል?

መልክዐ ምድር ለሰው ችግር ይሰጣል፤ መፍትሔውን ያገኘው ግን ያው በምድሩ የኖረ ሕዝብ ነው። የአርብቶ አደሩ መፍትሔ መንቀሳቀስ ነበር፤ መንቀሳቀሱም መድረሻ ነበረው። መድረሻው ሲዘጋ መንቀሳቀሱ መንከራተት ይሆናል፤ ከውጭ የሚያይ ሰውም መንከራተቱን አይቶ ጠባዩ ነው ይላል። የኪነ ጥበብ ባለሙያ ድርሻ ይህን ስሕተት ማሳመር አይደለም። ወደ ቆላው ወርዶ፣ ከሽማግሌውና ከእረኛው፣ ቤቱን ከምትነቅለውና ከምትተክለው ሴት ጋር ተቀምጦ፣ የዓመቱን ዙር ከዝናብ እስከ ዝናብ መማር ነው። ያን ጊዜ በሥዕሉ ውስጥ ፀሐይም፣ አጽሙም፣ የተሰነጠቀውም መሬት ሊኖሩ ይችላሉ፤ እውነት ናቸውና። ነገር ግን ከእነርሱ ጎን ወንዙ፣ ቦዩ፣ ጥጡና የሰው ውሳኔ ይታያሉ። የሰው ውሳኔ ያለበት ሥዕል ደግሞ ሌላ ውሳኔ ሊኖር እንደሚችል ለተመልካቹ ይነግረዋል።